ፍሬኑን እንዳትነካ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ኮሎራዶ ነው፤ ተራራ መሀል ካለች ትንሽ ከተማ የተዘጋ ምግብ ቤት ዕቃ ገዝቼ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው አውሮራ ልመለስ ነው። ፒካፔ ተሳቢ ቀጥሏል። አጠገቤ ጋሼ አሉ፤ በጉልምስናቸው ባለ ተሳቢ መኪና ይዘው ከጎሃ ጽዮን ደጀን፣ የአባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩ ሰው።

እሳቸው ቡና ፉት እስኪሉ ዕቃውን እኔ ጫንኩ። ወንበርና ጠረጴዛውን ወደ ፊት፣ ትልቁን ፍሪጅና የጤፍ ዱቄቱን መጨረሻ፣ በሩ ጋ። ለማውረድ እንዲመቸኝ!

መንገዳችን ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ዴንቨር 1,600። መሀሉ በአብዛኛው ቁልቁለት። ዋሻውን አልፈን ፍጥነት ስናገኝ የፒካፑ ኋላ ቅልል አለኝ። ወዲያው ተሳቢው ወደ ግራ ሸሸ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ደግሞ ግራ፤ በየምልልሱ እየሰፋ። እግሬ ወደ ፍሬን ሲሮጥ፣

«ፍሬኑን እንዳትነካ!» አሉ ጋሼ። «ከነዳጁ እግርህን አንሳ። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅህ!»

ከመሪው አጠገብ ያለችውን መቆጣጠሪያ ጫን አደረግኳት። ተሳቢው ከኋላ እንደተያዘ በሬ ተጎትቶ ተስተካከለ። የፒካፑን ፍሬን ብይዝ ኖሮ ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ ገፍቶ ያጥፈን ነበር።

መውጫ ፈልገን ቆምን። ጋሼ በሩን ከፍተው ጭነቱን አዩ።

«ልጄ፣ አህያ ስትጭን ሸክሙን ጭራዋ ላይ ታደርጋለህ?»

ምን ልመልስ? አውርደን እንደገና ጫንን፤ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ከተሳቢው ጎማዎች ፊት እንዲያርፍ። መንጠቆው ላይ ሊጫን የሚገባው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ የእኛው ተሳቢ በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ 2,000 ኪሎ ሆኗልና ከ200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ሲበዛ ደግሞ የፒካፑ ባሌስትራ ይጎብጣል፣ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው አልታዘዝ ይላል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። «ይህን ያህል ይጎትታል» የሚለውን እንይዝና በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን፣ መኪናው በራሱ ላይ የሚሸከመውን ልክ አናነብም። መንጠቆው ላይ ያረፈው ክብደት፣ ጋሼም፣ እኔም፣ ሁላችንም ከዚያው ልክ ላይ ነው የምንቀነሰው።

«ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» አሉኝ ስንነሳ። ሞተሩ እያጓራ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እየነካሁ ወረድን።

ሜዳው ላይ ስንቆም ጋሼ ወርደው መዳፋቸውን ወደ ተሳቢው ጎማ ጠጋ አደረጉ። ወደ ሁለተኛው ዞሩ።

«ለብ ብሏል፤ አልጋለም» አሉና ተመልሰው ገቡ።