ስሙን ከሚቀጥለው የተበደረ ትምህርት

አንድ ሰው "ስምህ ማነው?" ተብሎ ሲጠየቅ "ከታናሽ ወንድሜ በፊት የተወለድኩት ነኝ" ብሎ ቢመልስ ምን ትሉታላችሁ? በአሜሪካ ሃይስኩሎች የሚሰጠው "ፕሪ-ካልኩለስ" የሚባል ትምህርት ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙ ሲፈታ "ቅድመ ካልኩለስ" ማለት ነው። ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር የለውም፤ ከኋላው የሚመጣውን ብቻ ይጠቁማል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው የትምህርት ፕሮግራማቸውን ይዘው ሲመጡ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሀገር ቤት በዚህ ስም የሚጠራ ትምህርት የለንም። ይዘቱ ግን በአብዛኛው በሃይስኩል የሂሳብ መጻሕፍት ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

"እናንተ ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ከሂሳብ ጋር ምን አገናኛችሁ?" የምትሉን አትጠፉም። ያገናኘን ታሪኩ ነው። ይህን ትምህርት ፈርቶ "ሂሳብ ለእኔ አልተፈጠረም" የሚል ተማሪ፣ ሂሳቡ ራሱ በስንት ዘመን ስንት ላብ ፈሶበት እንደተፈጠረ ቢሰማ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል ብለን እናምናለን።

ብዙዎችን በሚያስደነግጠው በትሪጎኖሜትሪ እንጀምር። ይህ እውቀት ያደገው ሰማይ በማየት ነው። የእስክንድርያው ቶለሚ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ከዋክብትን ለመከታተል ሲል በክብ ውስጥ የሚሰመሩ መስመሮችን ርዝመት በሰንጠረዥ አስቀመጠ። ህንዳዊው አርያባታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ499 በግማሹ መስመር መስራት እንደሚቀል አሳየ፤ ህንዶች "ጅያ" ይሉታል። አረቦች ቃሉን "ጂባ" ብለው ወሰዱት። ሆኖም አናባቢ ሳይጨመርበት ሲጻፍ "ጀይብ" ከሚለው ሌላ የአረብኛ ቃል ጋር አንድ ሆነ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን የተረጎሙት ሰዎች "ጀይብ" ብለው አነበቡት፤ የልብስ እጥፋት ወይም ጉያ ማለት ነው። በላቲን "ሲኑስ" አሉት፣ ከዚያ "ሳይን" ተባለ። አናባቢውን ከፊደሉ ጋር አጣብቀን ለምንጽፍ ለእኛ ይህ ታሪክ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ተማሪው ሳይን የሚለውን ቃል ሰምቶ ትርጉሙ ካልታየው ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ቃሉ መንገድ ላይ ትርጉሙን ጥሎ የመጣ ነው! ነገሩ ግን ቀላል ነው። ስፋቱ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 1 በሆነ ክብ ዙሪያ አንድ ነጥብ ሲዞር፣ ሳይን ማለት የነጥቡ ከፍታ ነው። ነጥቡ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ግራፉም እንደ ማዕበል የሚሆነው ለዚህ ነው። ማዕዘን የሚለካበት "ራዲያን" የሚለው ቃል ደግሞ በጽሑፍ የታየው እ.ኤ.አ. በ1873 ጄምስ ቶምሰን ቤልፋስት ውስጥ ባወጣው የፈተና ወረቀት ላይ ነው። ከፈተና የተወለደ ቃል ተፈታኝን ቢያስፈራ ምን ይገርማል?

ሁለተኛው ሎጋሪዝም ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር ሃያ ዓመት ያህል ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1614 ያሳተመው ሰውን ከማባዛት ስቃይ ለመገላገል ነበር። 100 ሁለት ዜሮ አለው፣ 1000 ሦስት ዜሮ አለው፤ ሲባዙ 2 እና 3 ተደምረው አምስት ዜሮ ያለው 100,000 ይመጣል። ሎጋሪዝም ማለት ይህንኑ ለሁሉም ቁጥር ማድረግ ነው። ስለዚህ ዛሬ ተማሪ የሚያስለቅሰው ነገር የተፈጠረው እንባ ለማበስ ነበር ማለት ነው።

ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው "ኢ" የተባለው ቁጥር መነሻው ወለድ ነው። ያዕቆብ በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1683 ይህን ጥያቄ አነሳ። አንድ ብር በዓመት መቶ በመቶ ቢወለድ 2 ብር ይሆናል። ወለዱ በየስድስት ወሩ ቢታሰብ 2.25፣ በየወሩ ቢታሰብ 2.61፣ በየቀኑ ቢታሰብ 2.71 ይደርሳል። አበዳሪው የቱንም ያህል ቢቻኮል ግን 2.72 አይሞላለትም። ያ ድንበር ነው "ኢ"።

እነዚህን የተበታተኑ ነገሮች በአንድ ጣሪያ ስር ያስገባቸው ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ካልኩለስን ሳይነካ፣ ለካልኩለስ የሚያስፈልገውን ሁሉ "ፈንክሽን" በሚለው ሐሳብ ዙሪያ ሰበሰበው። የመጀመሪያው የፕሪ-ካልኩለስ መጽሐፍ ይህ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ሃይስኩል ገባ? በሩስያ ሳተላይት ሰበብ! ስፑትኒክ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ስትወነጨፍ አሜሪካ ደነገጠች። በዓመቱ ለሳይንስና ለሂሳብ ትምህርት ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ወጣ፤ የሂሳብ ሊቃውንትም አዲስ መጽሐፍ ለመጻፍ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1959 የኮሌጅ ቦርድ የሂሳብ ኮሚሽን ለአስራ ሁለተኛ ክፍል በፈንክሽን ላይ ያተኮረ ትምህርት እንዲሰጥ መከረ። ይኸው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 የራሱን የፕሪ-ካልኩለስ ኮርስ ጀምሮ በግንቦት 2024 የመጀመሪያውን ፈተና ሰጠ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨን ነገር አለ። ትምህርቱ መሐንዲስ በፍጥነት ለማፍራት ታስቦ የመጣ ስለሆነ እንደ ወንፊት ማገልገሉ አልቀረም። የምህንድስናና የብዙ ሳይንስ ትምህርቶች በር ካልኩለስ ነው፤ እዚህ ወንፊት ላይ የቀረ ልጅ ያንን በር በቀላሉ አያገኘውም። የመጀመሪያው መጥፎ ውጤት ሲመጣ "ይቅርብህ" የሚባለው ልጅ የሚያጣው አንድ ኮርስ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ገቢው ተማሪ ምን ይጠብቅ? ፖሊኖሚያል፣ ኤክስፖኔንሻል፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ይጠብቁታል። ብዙ ጊዜ ቬክተርና ማትሪክስም ይጨመራሉ። ሁሉም ግን የአንድ ጥያቄ ልጆች ናቸው፤ "አንዱ ሲለወጥ ሌላው እንዴት ይለወጣል?" የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ነገር አይደለም። የሚጥለው ዘጠነኛ ክፍል ላይ የታለፈው ክፍልፋይና አልጀብራ ነው፤ ክረምቱን እርሱን መከለስ ይበጃል። ወላጆችም እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ ሂሳቡን ታውቁት ይሆናልና ደብተሩን ግለጡት። ያው የድሮው ሳይን ነው።

ከቶለሚ እስከ ኦይለር አስራ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ያንን በአንድ ዓመት እንዲጨርስ የተጠየቀ ልጅ አንድ ምዕራፍ ሁለቴ ቢያነብ ደካማ አይባልም። ቸር እንሰንብት!