ከሰደፉም ከአፈሙዙም በኩል፦ ስለ አሮጌ ጠመንጃዎቻችን

አሮጌ የጦር መሣሪያ መሰብሰብ በአሜሪካ ብዙ ሰው የሚያዘወትረው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በተለይ የአገሪቱ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው ባለ ስድስት ጥይት የኮልት ሽጉጥ እጅግ ተፈላጊ ነው። ሰብሳቢዎቹ መለያ ቁጥሩን ያያሉ፣ ለየትኛው ክፍለ ጦር እንደታደለ ያጣራሉ፣ ዋጋ የሚቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከብረቱ ይልቅ ዋጋ የሚያወጣው ታሪኩ ነው ማለት ነው። ይህ ለእኛ ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ታሪኩን አይደል?

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም ከእኛም ቤት ይገባል። በ1868 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ድል አደረገ። ከዚያ በፊት በኅዳር ጉንደት ላይ በዴንማርካዊው አረንድሩፕ የተመራው ጦር ተደምስሷል። በጉራ የግብፁ አዛዥ የራቲብ ፓሻ የጦር ሹም የነበረው ግን አሜሪካዊው ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ነው። ሎሪንግ በሜክሲኮ ጦርነት አንድ ክንዱን ያጣ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቦቹ የተዋጋ ሰው ነበር። ካይሮ ላይ የጠቅላይ ጦሩ ሹም የነበረው ቻርልስ ስቶን ደግሞ በሰሜኖቹ በኩል የተሰለፈ ነው፤ በኋላ አገሩ ተመልሶ የኒውዮርኩን የነፃነት ሐውልት መሠረት ያሠራው መሐንዲስ እሱ ነው። በአገራቸው የተታኮሱ ሰዎች በከዲቭ እስማኤል ደሞዝ አንድ ላይ ሆነው በእኛ ላይ ዘመቱ።

የግብፅ ወታደር የያዘውም መሣሪያ አሜሪካዊ ነበር፤ የረሚንግተን ጠመንጃ። ከጉንደትና ከጉራ በኋላ ይህ ጠመንጃ ባለቤቱን ቀየረ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ሲደመስሱ በወታደሮቻቸው እጅ ረሚንግተን ነበረ።

የሚገርመው በዚያው በ1868 ዓ.ም.፣ ከጉራ ጦርነት ሦስት ወር ተኩል ያህል በኋላ፣ የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች ሊትል ቢግሆርን በተባለ ወንዝ ዳር የጄኔራል ከስተርን ፈረሰኞች ፈጁ። የፈረሰኞቹ ሽጉጥ ያ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ኮልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሜዳው ሣር በእሳት ሲቃጠል የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በብረት መፈለጊያ ቀለሃ ለቀሙ። የጠመንጃው መርፌ በቀለሃው ላይ የሚተወው ምልክት ከጠመንጃ ጠመንጃ ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ከየት ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ ቻሉ። ለብዙ ዘመን ጆሮ የተነፈገው የላኮታና የሻየን ሽማግሌዎች ቃልም ከብረቱ ምስክርነት ጋር ገጠመ።

እኛ እንዲህ ያለ መዝገብ ባይኖረንም ቋንቋችን ራሱ መዝግቦልናል። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ወታደሮች ይዘውት የመጡት ጠመንጃ የተሰየመው በአሜሪካዊው ጃኮብ ስናይደር ነው፤ እኛ ሰናድር አልነው። «ፉዚ ግራ» የተባለው የፈረንሳዮቹ ጠመንጃ ውጅግራ ሆነ። ምንሽር ከማንሊከር፣ በልጅግ ከቤልጂግ የመጣ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ጠመንጃው ከየት እንደመጣ ግማሽ ታሪኩን ያውቃል።

ሌላው ግማሽ ግን የሰው ነው። እዚህ ሞጆ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ አዛውንት ስለ አያታቸው ውጅግራ አጫወቱኝ። «ዶክተር፣ አድዋ የዘመተች ናት» አሉኝ በኩራት። አጠገባቸው የተቀመጡት፣ ትውልዳቸው ከአርሲ የሆነ የዕድሜ ጓደኛቸው ፈገግ አሉና «ለእናንተ አድዋ የዘመተች ናት፤ እኛ ቤት ግን ጠመንጃ የመጣው ከአድዋ በፊት ነው» አሉ። ማንም አልተቆጣም። ቡናው ቀጠለ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የምኒልክ ሠራዊት በ1870ዎቹ ወደ አርሲ ደጋግሞ ሲዘምት ጠመንጃ የገጠመው በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነበር። ከዚያ በኋላ በደቡቡ የተተከለው ሥርዓት ስሙን ያገኘው ከነፍጥ ነው። ያው ዓይነት መሣሪያ ደግሞ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ፣ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን በመጡ ሰዎች እጅ፣ ሁላችንንም ከቅኝ ግዛት አዳነን። አንዱን ተናግሮ ሌላውን መዋጥ ግማሽ ታሪክ ተቀብሎ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። በሙያዬ የማውቀው የአፈሙዙን ወገን ነው። የረሚንግተንና የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ለስላሳ እርሳስ ነበር፤ አጥንት ሲመታ ይሰባብረዋል። ቁስል በማያመረቅዝ ዘዴ የማከም ጥበብ ገና ዳዴ በሚልበት በዚያ ዘመን፣ የዚህ ሁነኛ መፍትሔ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለን ጠመንጃ ሳይ ከፊት ለፊቱ የቆመውም ሰው የሚታየኝ ለዚህ ነው።

ታሪኩ የተሟላ መሣሪያ እንዲህ ነው ብዬ የማስበው የአፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ ነው። የሰጠችው ንግሥት ቪክቶሪያ መሆኗ ይታወቃል፤ የተቀበለው ይታወቃል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ማንን እንደገደለም ይታወቃል። በየገጠሩ ያለው ሰናድርና ውጅግራ ግን ጽሑፍ አልተቀረጸበትም፤ ታሪኩ ያለው በአዛውንቶች አፍ ነው። ዛሬ የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ በአገራችን ሁኔታ ቁጥጥሩ እንደሚያስፈልግ የጥይት ቁስል የሚያክም ሐኪም አይክድም። ችግሩ ሰው መሣሪያውን ሲደብቅ ወሬውንም አብሮ መደበቁ ነው። የሚያውቁት አንድ በአንድ እያለፉ ነው።

ስለዚህ በዚህ የመገናኛ መጽሐፋችን ለታሪክና ለሕግ መምህሮቻችን፣ በየወረዳው ለተበተንነው ምሩቃንም የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ጠመንጃ መሰብሰብ አያስፈልገንም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች መቅረጫ ይዘው ይሂዱ፣ ስሙን፣ የመጣበትን መንገድ፣ ማን እንደያዘው ይጠይቁ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ይሻገሩና ማን ላይ እንደተተኮሰም ይጠይቁ። ሁለቱ ቃሎች በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሞጆ ለሚመጣ ተማሪ ሁለቱን አዛውንቶች አስተዋውቃለሁ፤ ሁለቱም ሰማንያን አልፈዋልና ቶሎ ቢመጣ ይሻላል።