አንዱ ልጅ ቀረ፣ አንዱ አንቱ ተባለ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ነበር። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀደም ሲል በገጸ በረከት በላኩላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን አጥፍተው ተገኙ። በዚያ ቀን አምባው ላይ ጭስ፣ ሬሳ፣ የተፈቱ እስረኞችና እናት አባታቸውን የሚፈልጉ ሕፃናት ነበሩ። ከሕፃናቱ የሁለቱን ነገር ላውጋ። አንደኛው ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት የንጉሡና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ዓለማየሁ ነው። ሁለተኛው ከጎንደር ከቤተሰቡ ጋር ወደ መቅደላ የመጣ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን፣ ወርቅነህ እሸቴ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሁለቱ በአማርኛ ለመጻፍ ሲነሡ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ግሱ ነው። ዓለማየሁን ሄደ፣ ታመመ፣ ሞተ እንላለን። ወርቅነህን ግን ሄዱ፣ ተመለሱ፣ አረፉ። በማዕረግ ቢሆን ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር፤ ደጃዝማች የተባለው የንጉሡ ልጅ ነው። ነገር ግን በ18 ዓመቱ ተቀጨ፤ በቋንቋችንም ውስጥ ልጅ ሆኖ ቀረ። ሌላው አርጅቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሹመት ተቀብሎ አንቱታን አገኘ። ይኼ የግስ ልዩነት ለእኔ የሁለቱ ሕይወት ታሪክ አጭር መግለጫ ይመስለኛል።

ከመቅደላ የወረደው ጓዝ የታወቀ ነው። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ ሁሉ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ የሚሆነውን እየመረጠ ገዛ። ሕፃናቱ ጨረታ ላይ አልቀረቡም፤ ሆኖም ከዕቃው ጋር በአንድ መንገድ ነው የወረዱት።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከሠራዊቱ ጋር ሲጓዙ ባሕሩ ሳይደርሱ ትግራይ ውስጥ ታመው አረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው የወደቀው በካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ እጅ ነው። ስፒዲ ቁመተ ረጅም፣ ጢመ ቀይ፣ ቀድሞ የቴዎድሮስን ወታደሮች ያሠለጠነ ሰው ነበር፤ አማርኛ ይችላል፣ ባሻ ፈለቀ የሚል ስምም ወጥቶለት ነበር። ልጁ ሌሊት ሌሊት ብቻውን መተኛት እየፈራ ከእርሱ ጋር ተጣበቀ። በዚያው በ1868 ክረምት ዋይት ደሴት ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ተቀበሉት፤ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም ፎቶግራፍ አነሣችው። ፎቶውን ያየ ሰው አይረሳውም። አጠገቡ ያ ግዙፍ ሰው የሐበሻ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ልጁ ፊት ላይ ግን ፈገግታ የሚባል ነገር የለም።

ስፒዲ ሕንድ አገር ሥራ ሲያገኝ ልጁን ይዞት ሄደ። ወርቅነህም በዚያው ጊዜ ሕንድ አገር ነበር። ከመቅደላ ያነሣው ኮሎኔል ቻምበርሊን ወደ ራዋልፒንዲ ወስዶት ነበርና። ሁለቱ የመቅደላ ልጆች በአንድ ግዛት፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ አደጉ ማለት ነው። ለመነጋገር ቢፈልጉ እንኳ የአማርኛ ወሬያቸው አጭር በሆነ ነበር፤ ትልቁ ቋንቋውን እየረሳ ነው፣ ትንሹ ጨርሶ ረስቷል።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። የለያቸው ደግሞ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጠባይ ወይም ዕድል ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለእያንዳንዳቸው የሰጠው ግምት ነው። ዓለማየሁ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የት ይደር፣ ማን ያስተምረው፣ ስንት ይከፈልለት የሚለው በሚኒስትሮች ደብዳቤ የሚወሰን ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ ከስፒዲ ተለይቶ እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት መግባት አለበት አለ፤ ንግሥቲቱ ባይወዱትም የሎው ሐሳብ ጸና። አማርኛ ሊያናግረው ከሚችለው አንድ ሰው ለዩትና ቼልተናም አስገቡት። ቀጥሎ ረግቢ፣ ከዚያ በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ለመጽሐፍ ብዙም ፍቅር አልነበረውም፤ ጨዋታና ስፖርት ይወዳል። ሳንድኸርስትን አልቻለውም። በመጨረሻ የረግቢ አስጠኚው የነበረው ሲረል ራንሰም ወደሚያስተምርበት ወደ ሊድስ ሄደ፤ እዚያም በብርድ ሳምባው ታሞ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሞተ። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ የልጁ ሕይወት ደስታ ያልነበረው መሆኑን፣ ሰው በመልኩ ምክንያት የሚያፈጥበት እየመሰለው ይሳቀቅ እንደነበር ጽፈዋል። እውነት ነው፤ ግን ማን ነው ያመጣው?

ወርቅነህ ማንም አልነበረም። ለማንም ሚኒስትር ደብዳቤ አልተጻፈበትም። አሳዳጊው ቻምበርሊን ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርት ወጪውን ተረከበ፤ ልጁም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተቀናብሮ ቻርለስ ማርቲን ተባለ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፣ ላሆር ሕክምና ገባ፣ በ1882 ተመረቀ። ወደ ኤዲንብራ ሄዶ ትምህርቱን አሻሻለ፤ ከዚያ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት በርማ ተመደበ። ልብ በሉ፤ መቅደላን ያቃጠለው መንግሥት ሌላ አገር ሲይዝ የእርሱ ደመወዝተኛ ነው። ይኼን የሕይወታቸውን ክፍል ጸሐፊዎቻችን ቶሎ ያልፉታል። እኔ ግን ማለፍ ያለብን አይመስለኝም። ሰውየው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቃሉ እንጂ ኢትዮጵያ ምን እንደምትመስል አያውቁም፤ ያላቸው እንጀራና ሙያ ከዚያው ከወሰዳቸው እጅ የተገኘ ነው። ሙያው ግን የግላቸው ሆነ። ልዑሉ ያጣው ይህን ነው፤ በእጁ የሚሠራው ነገር አልተሰጠውም።

የዓድዋ ድል ወሬ በ1896 ዓለምን ሲያዳርስ ወርቅነህ ከ30 ዓመት አልፈዋል። በምዕተ ዓመቱ መባቻ ፈቃድ ጠይቀው፣ በዘይላ በኩል አድርገው፣ አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ያዩ ጀመር። ከመቅደላ ተወስዶ ሐኪም ሆኖ የመጣ ሰው አለ የሚለው ወሬ ሲዛመት አንዲት አሮጊት መጡ፤ የእናታቸው ወገን አያት ናቸው። እኚህ ሴት በአስተርጓሚ በኩል ብዙ ጥያቄ አልጠየቁም። ልጁ ሕፃን ሳለ እጁና እግሩ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ይታይ አሉ። ታየ። ነበር።

ስለዚህ ቅጽበት ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የማስረጃው ዓይነት ነው። ስሙ እንግሊዝኛ፣ ልብሱ እንግሊዝኛ፣ አንደበቱ እንግሊዝኛ፣ ዲፕሎማው እንግሊዝኛ፤ የጎንደር ሆኖ የቀረው ቆዳው ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ሐኪሙ የሰው ገላ እየፈተሹ የሚኖሩ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቀን የራሳቸው ገላ ተፈተሸ። ዓለማየሁም አያት ነበረችው፤ የእቴጌ ጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ። እርሷ ጠባሳ የምታይበት ዕድል አላገኘችም፤ ያላት ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ መጻፍ ነበር።

ወርቅነህ ያኔ አልቆዩም፤ የበርማ ሥራቸው ስለሚጠራቸው ተመለሱ። በ1908 እንደገና መጡ፤ የምኒልክ ሕመም እየበረታ ነበርና ንጉሠ ነገሥቱን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ልጆች ወለዱ። ዳግመኛ በርማ ሄደው በ1919 ጠቅልለው ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራ ዝርዝር እንደ አንድ ሰው ሥራ አይመስልም። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1925 ሲከፈት የበላይ ኃላፊው እርሳቸው ናቸው። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1927 የጣና ግድብን ነገር ሊነጋገሩ ኒውዮርክ ሄደው ከጄ ጂ ዋይት መሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ሀርለም ገብተው ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ቀሰቀሱ። በ1930 ገደማ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ከተማ አደረጉ፣ መንገድ ጠረጉ፣ አገሩ ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን ሞከሩ።

ከሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ግን በ1920 ዓ.ም. ያሳተሙት የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። አማርኛን በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው እንደ ባዕድ ፊደል ቆጥረው የተማሩ ሰው፣ ለኢትዮጵያ ልጆች የዓለምን አህጉርና ውቅያኖስ በአማርኛ አስረዱ። የጻፉበትን መሬት ደግሞ አብዛኛውን ረግጠውታል፤ ወደውም ሳይወዱም።

እነሆ የእኔ ቅሬታ። ስለ ዓለማየሁ ብዙ አልቅሰናል፤ ተገቢም ነው። በተቀበረበት በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት የተቀመጠለት የናስ ጽሑፍ ከማቴዎስ ወንጌል እንግዳ ስለ መቀበል የሚናገረውን ቃል ይዟል። እንግዳ ግን በአገራችን ልማድ በገዛ እግሩ የመጣ ነው። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 አፅሙ እንዲመለስ ጠየቁ፤ በ2023 ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን አፅም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። በዚያው ዓመት ከጸጉሩ የተቆረጠ ዘለላ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ወገን ተሰጠ። ወርቅነህን ግን የሚጠይቅላቸው አላስፈለገም፤ መጥተዋልና። የመጣ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ወሬው ቶሎ ይቀዘቅዛል። የተማሪ ቤት መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪም ተብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ።

በ1935 የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተላኩ። ሰባ ዓመት ደርሰዋል። ጣሊያን አገራቸውን ሲወር እርሳቸው ባደጉበት እንግሊዝኛ በየአዳራሹ፣ በየጋዜጣው ተሟገቱ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተሰደው ለንደን ሲገቡ በዚያ የአገሪቱ ወኪል እርሳቸው ነበሩ። ዊንዘር ከዚያ በባቡር አጭር መንገድ ነው።

ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ አገር ቤት ነበሩ። ከአባታቸው በተለየ መንገድ ነው እንግሊዝን ያዩት፤ ማንም አልወሰዳቸውም፣ ለትምህርት ተልከው መሐንዲስ ሆነው ተመለሱ። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ዘመቱ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶቹ የተማረውን እየለቀሙ ሲፈጁ ሁለቱም ተገደሉ።

ሐኪም ወርቅነህ በ1942 ነጻ ወደወጣችው አገራቸው ተመለሱ። ከረጅም ቆይታ በኋላ ሲመጡ ይህ አራተኛቸው ነው፤ ዓይንም ጉልበትም ደክሟል። እስከ 1952 ድረስ አዲስ አበባ ቆይተው እዚያው ተቀበሩ። በመጀመሪያው መምጣታቸው ጠባሳቸውን አይታ የምትቀበል አያት ነበረቻቸው፤ በመጨረሻው ደግሞ በር ላይ ሊቀበሏቸው የሚገባቸው ሁለት ልጆች አልነበሩም።