የሃያ አንድ ጨዋታና ዝርያዎቹ

የካዚኖ ጠረጴዛ ለዱራሜ እንግዳ ነው። በአገራችን የታወቀው ገበጣ ነው፤ የገበጣም ደንብ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይሁን እንጂ ደንቡ የቱንም ያህል ቢለያይ ሁለቱን ተጫዋቾች እኩል ይገዛል። የሃያ አንድ ካርታ ግን ከተጫዋቾቹ አንዱ ራሱ ቁማር ቤቱ ስለሆነ፣ የደንብ ለውጥ ሁሉ የሚያደላለት ወገን አለው።

ጨዋታውን ስፔናዊው ሰርቫንቴስ በ1613 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ያነሣዋል። የአሜሪካዋ ኔቫዳ በ1931 ቁማርን ከፈቀደች በኋላ ብላክጃክ በተባለው ስሙ ገነነ። በ1962 የሂሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕ፣ የወጡትን ካርታዎች እየቆጠረ የሚጫወት ሰው ቤቱን ሊረታ እንደሚችል በመጽሐፍ አስረዳ። ቤቶቹም የካርታውን ደርዘን አበዙ፤ ደንቡንም መለዋወጥ ያዙ።

ከዝርያዎቹ አንዱ «የስፔን ሃያ አንድ» የተባለው ሲሆን፣ ለተጫዋቹ ልዩ ልዩ ጉርሻ ይሰጣል፤ በምትኩ ግን ባለ 10 ቁጥር ካርታዎችን አስቀድሞ ያወጣል። በሌላው ዝርያ አዳዩ ሁለቱንም ካርታዎቹን ገልጦ ያሳያል። ልግስና ይመስላል፤ ነገር ግን እኩል ሲወጡ ገንዘቡ የቤቱ ነው።

ይህስ በግልጽ የሚታይ ነው። የሚከፋው ድምፅ የሌለው ለውጥ ነው። በመጀመሪያው እደላ አስና ባለ አሥር ዋጋ ካርታ የገጠሙለት ሰው በቀድሞው ደንብ ለ100 ብር 150 ብር ያገኝ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ጠረጴዛዎች የሚከፈለው 120 ብር ነው። ይህ ዕድል በ21 እደላ አንድ ጊዜ ያህል ስለሚገኝ፣ የ30 ብሩ ልዩነት ከተወራረደው ከእያንዳንዱ 100 ብር ላይ ከ1 ብር ከ35 ሳንቲም በላይ ወደ ቤቱ ያዞራል።