የተማሪው መዝገብ ከማን ዘንድ ይኑር? ከኢሉባቦር ከተሞች ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የኢሉባቦር ታሪክ የአስተዳደር መቀመጫ በየጊዜው የተለዋወጠበት ታሪክ ነው። ከራስ ተሰማ ናደው ዘመን አንሥቶ የግዛቱ መናገሻ ጎሬ ነበረች፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ መቀመጫው ወደ መቱ ተዛወረ። በ1980 ዓ.ም. ጋምቤላ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በደሌ ተለይታ የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ ሆነች። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ የተለወጠው የበላይ መሥሪያ ቤቱ አድራሻ እንጂ የትምህርት ቤቱ ደጃፍ አልነበረም። የተማሪውን ስምና ውጤት የያዘው መዝገብ በርእሰ መምህሩ ሣጥን እስካለ ድረስ፣ የመቀመጫ መዛወር ብቻውን ተማሪውን ማስረጃ አያሳጣውም።

ሁሉን ነገር ከማእከል የመጠበቅ ጉዳት በ1997 ዓ.ም. ግድም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ታይቷል። ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ስለሚሰራጭ መምህሩ ሊያቆመውም ሊደግመውም አይችልም ነበር፤ መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ያልፋል። ጉድለቱ ከትምህርቱ ይዘት ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ቅጂ ካለመኖሩ የመነጨ ነው።

ዛሬም ውጤትንና ምዝገባን በድረ ገጽ በሚሠሩ ፕሮግራሞች መያዝ ሲስፋፋ ይኸው ጥያቄ ይመለሳል። መረጃው ሩቅ ባለ ሰርቨር፣ በተለምዶ «ደመና» በሚባለው ማከማቻ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ፣ መስመር ሲቋረጥ መምህሩ የገዛ ክፍሉን መዝገብ መክፈት ይሳነዋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

መፍትሔው ረቂቅ አይደለም። የስልክም ሆነ የኮምፒዩተር ብራውዘር መረጃን በመሣሪያው ውስጥ ለማኖር የሚያስችል የራሱ ማከማቻ አለው። ፕሮግራሙ በዚሁ መሠረት ከተዘጋጀ መምህሩ ያለ መስመር ይመዘግባል፤ መስመር ሲገኝ ቅጂው ወደ ወረዳና ወደ ዞን ይተላለፋል።

ይሁን እንጂ በመሣሪያው ብቻ መተማመንም ስሕተት ነው፤ መሣሪያው ሊሰረቅ፣ ሊበላሽ፣ የብራውዘሩም ማከማቻ በአንድ ትእዛዝ ሊጠረግ ይችላል። ሁለት ሰዎች አንዱን ውጤት በተለያየ ጊዜ ቢያርሙም የማን እርማት እንደሚጸና አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከዚህም በላይ የሕፃናት መረጃ ነውና መሣሪያው በምስጢር ቁልፍ ሊጠበቅ ይገባል።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ፕሮግራም ከመቀበላቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መስመሩ ቢቋረጥ፣ መሥሪያ ቤቱም ቢዛወር፣ መዝገቡ በትምህርት ቤቱ ይገኛልን? የመጀመሪያው ቅጂ ከትምህርት ቤቱ፣ ሁለተኛው ከማእከሉ ይሁን።