የራሱ የፖስታ መለያ ቁጥር ያለው ድርጅት

ጄምስ ዶብሰን ቄስም ፓስተርም አልነበረም። በየከተማው እየዞረ የሚሰብክ ወንጌላዊ አባት ልጅ ሆኖ ያደገ፣ በሙያው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጅን በልክ መቅጣት እንደሚገባ ተከራከረ። ቁንጥጫና አለንጋ ለሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ ነገሩ ብርቅ አይደለም፤ ልጆችን ልቅ የመተው አስተዳደግ በተስፋፋበት በዚያ ዘመን አሜሪካ ግን ብዙ አነጋገረ።

በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። መሣሪያው ሬዲዮ ነበር። ባልና ሚስት ስለ ትዳራቸው፣ እናቶች ስለ አስቸጋሪ ልጃቸው ይጽፉለት ነበር፤ ድርጅቱም መልስ ይልክ ነበር። በ1991 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲዛወር አንድ የአካባቢው በጎ አድራጎት ተቋም 4 ሚሊዮን ዶላር ለገሰው። ደብዳቤው ከመብዛቱ የተነሳ ድርጅቱ 80995 የተባለ የራሱ የፖስታ መለያ ቁጥር አለው።

ምክሩ ከጓዳ ወጥቶ ወደ ምርጫ ሳጥን የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው። ፅንስ ማስወረድንና የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመቃወም ድርጅቱ ወዳጅም ጠላትም አፈራ።

ዶብሰን በ2010 ከመሠረተው ድርጅት ወጥቶ ሌላ የሬዲዮ ፕሮግራም ጀመረ። በነሐሴ 2025 በ89 ዓመቱ አረፈ።