የአሎሃ በረራ ቁጥር 243 አደጋና የምርመራው ትምህርት

እ.ኤ.አ. አፕሪል 28 ቀን 1988 (ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.) የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 95 ሰዎችን አሳፍሮ በሐዋይ ደሴቶች ከምትገኘው ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ተነሣ። 24,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንደ ደረሰ ከፊተኛው በር በስተኋላ ያለው ጣራና የጎን ግድግዳ 18 ጫማ ያህል ርዝመት በድንገት ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ወደ ውጭ ተወርውራ ሕይወቷ አለፈ፤ ስምንት ሰዎችም በጽኑ ቆሰሉ። አብራሪዎቹ ግን ጣራ አልባውን አውሮፕላን ተቆጣጥረው በማዊ ደሴት በካሁሉይ ማረፊያ አሳረፉት።

የተገነጠለው አካል ባሕር ውስጥ ወድቆ ስላልተገኘ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች የጉዳቱን ታሪክ ማንበብ የነበረባቸው ከተረፉት የብረት ጠርዞችና ከአውሮፕላኑ መዝገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራው ይህ አውሮፕላን የበረረው 35,496 ሰዓት ሲሆን፣ የበረራዎቹ ቁጥር ግን 89,680 ደርሶ ነበር። ይህም አንዱ በረራ በአማካይ 24 ደቂቃ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የአውሮፕላን አካል በእያንዳንዱ በረራ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ በአየር ግፊት ተነፍቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ብረቱን የሚያደክመው የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን የመነፋቱ ብዛት ነው። አምራቹ ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን ያቀደው 75,000 በረራ ነበር።

ድካሙ የተከማቸው የአሉሚኒየም ሽፋኖቹ ተደራርበው በሚያያዙበት መጋጠሚያ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 737 አውሮፕላኖች ይህ መጋጠሚያ በማጣበቂያና በሦስት ረድፍ ሪቬት የተያያዘ ሲሆን፣ ጭነቱን ይሸከማል ተብሎ የታሰበው ማጣበቂያው ነበር። እርጥበት ገብቶ ማጣበቂያው ሲለቅና ዝገት ሲጀምር፣ ጭነቱ በሙሉ ወደ ሪቬቶቹ ተላለፈ። በላይኛው ረድፍ የሪቬቶቹ ቀዳዳ ጠርዝ እንደ ቢላዋ የሳሳ ስለ ነበረ ስንጥቅ ከዚያ ተወለደ።

የነዳፊዎቹ እምነት ስንጥቅ ቢፈጠር እንኳ ገቺ ቀበቶዎች ያቆሙታል፣ ግፊቱም በአንድ ጠባብ ቦታ ወጥቶ ይበርዳል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ይህ እምነት የተመሠረተው በአንድ ብቸኛ ስንጥቅ ላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በየቀዳዳው የነበሩት ጥቃቅን ስንጥቆች አብረው ጣራውን ገነጠሉት፤ የቀበቶዎቹም ማጣበቂያ ቀድሞ ለቆ ነበር።

ማስጠንቀቂያ አልታጣም። አምራቹ ስለ መጋጠሚያው መልቀቅ እ.ኤ.አ. በ1972 አሳውቋል፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1987 ምርመራ አዟል፤ ትእዛዙ ግን መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አላካተተም። አንዲት መንገደኛ እንኳ በዚያው ቀን ስትሳፈር ስንጥቁን አይታ ለማንም ሳትናገር ተቀምጣለች። ተራ መንገደኛ ያየችውን ባለሙያዎች እንዴት ሳያዩት ቀሩ? የቦርዱ መግለጫ መልሱን ከሥራው ጠባይ ይፈልጋል፦ መርማሪው ከፍ ባለ መወጣጫ ላይ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ መብራት ይዞ ቁጥር ስፍር የሌላቸውን ሪቬቶች አንድ በአንድ መመልከት ነበረበት። አውሮፕላኑም ንጋት ላይ ለበረራ ይፈለጋል። ቦርዱ ዋናውን ምክንያት የአየር መንገዱ የጥገና ፕሮግራም ጉዳቱን አለማግኘቱ ነው ሲል፣ የአስተዳደሩንና የአምራቹንም ድርሻ አልሸሸገም።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 የአቪዬሽን ደህንነት ምርምር ሕግ አወጣ፤ ያረጁ አውሮፕላኖችም በልዩ ፕሮግራም መመርመር ጀመሩ። ለሙያው የቀረው ትምህርት ግን ከሕጉ ይሰፋል። በመዝገብ ላይ የሚኖር ፊርማ ዋጋ የሚኖረው ለፈራሚው በቂ ጊዜ፣ በቂ ብርሃንና በቂ ዕረፍት ሲሰጠው ነው። እነዚህ ሦስቱ የተነፈጉት መርማሪ የፈረመው ወረቀት፣ ማጣበቂያው እንደ ለቀቀ መጋጠሚያ ከውጭ ሲታይ ብቻ የተያያዘ ይመስላል።